ከራግቢ ሜዳ ወደ 400 ሜትር፦ የኤሪክ ሊድል የሁለት ስፖርት ሕይወት እንደ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

በሁለት ስፖርት ጎልቶ የወጣ ወጣት በእጁ ያለ አሠልጣኝ ወይም ወላጅ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ልጁ የትኛውን ይያዝ? የትኛውን ይተው? መቼስ ይተው? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ደረጃ ከመከራከር ይልቅ በሚገባ በተመዘገበ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አስቀምጦ ማየት ይሻላል በሚል፣ የስኮትላንዳዊውን የኤሪክ ሊድልን ጉዳይ መርጫለሁ። ሊድል ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወተ፣ በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ የ400 ሜትር ወርቅ ያጠለቀ ስፖርተኛ ነው። ከእሱ በቀር በታሪኩ ውስጥ የሚገቡትን ሰዎች፣ ተፎካካሪዎቹንም ቤተሰቡንም ጨምሮ፣ በስም አልጠራም፤ ለጥናቱ የሚያስፈልገው ማንነታቸው ሳይሆን በጉዳዩ ውስጥ የነበራቸው ቦታ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

ሊድል ጃንዋሪ 16 ቀን 1902 በሰሜን ቻይና በቲያንጂን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር ወደዚያ የላካቸው ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ገና በስድስት ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በደቡብ ለንደን በሚገኝ የሚስዮናውያን ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ ወላጆቹ ወደ ቻይና ስለተመለሱ ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ የሚሰባሰበው አልፎ አልፎ፣ እነሱ ለዕረፍት ሲመጡ ብቻ ነበር። በትምህርት ቤቱ የራግቢውም የክሪኬቱም ቡድን አምበል ሆነ፤ በሩጫም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይፎካከር ነበር። በ1920 ወንድሙን ተከትሎ ወደ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሄደና የተፈጥሮ ሳይንስ መማር ጀመረ።

በኤድንብራ ሁለቱ ስፖርቶች ጎን ለጎን አደጉ። በ1921 በዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ የአትሌቲክስ ውድድር በአጭር ርቀት ሲያሸንፍ የከተማው ስፖርት ወዳዶች ዐይን ውስጥ ገባ፤ ልምድ ያለው አንድ አሠልጣኝም ያለ ክፍያ ሊያሠለጥነው ያዘው። የሊድል አሯሯጥ ለተመልካች ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጆቹን እያወናጨፈ ይሮጣል። አሠልጣኙ ይህን አሯሯጥ ሊያቃናው ከመታገል ይልቅ በአነሳሱና በጡንቻው ዝግጅት ላይ አተኮረ። በእኔ ግምት ይህ ከአሠልጣኙ ውሳኔዎች ሁሉ የላቀው ነው፤ ብዙ አሠልጣኝ መጀመሪያ የሚቸኩለው ለዐይን የሚያስጠላውን ለማረም ነውና።

ራግቢን በአገራችን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ እንቁላል ቅርጽ ያለውን ኳስ በእጅ ይዞ መሮጥ፣ ኳሱን የያዘውንም ሰው በእጅ ይዞ መሬት ላይ መጣል የጨዋታው ሕግ ነው። ኳሱን ከተቃራኒው ወገን የመጨረሻ መስመር ወዲያ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፤ በዚያ ዘመን ሦስት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ሊድል የሚጫወተው በክንፍ ሲሆን የክንፍ ተጫዋች ሥራ በሜዳው ዳር ኳስ ተቀብሎ ተከላካዮቹን በፍጥነት ማምለጥ ነው። የአጭር ርቀት ሯጭ ፍጥነት በቀጥታ ወደ ነጥብ የሚቀየርበት ቦታ ከዚህ የተሻለ የለም።

ለስኮትላንድ የተሰለፈው በ1922 እና በ1923 በሰባት ጨዋታዎች ሲሆን አራት ትራይ አስቆጥሯል። የመጀመሪያ ጨዋታው ጃንዋሪ 2 ቀን 1922 ከፈረንሳይ ጋር በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የኮሎምብ ስታዲየም የተደረገ ሲሆን 3 ለ 3 ተጠናቀቀ። በ1923 ስኮትላንድ ካርዲፍ ላይ ዌልስን 11 ለ 8 ስታሸንፍ በዚያ ከተማ ለ33 ዓመታት አሸንፋ አታውቅም ነበር፤ ሊድል በዚያ ጨዋታ ትራይ ካስቆጠሩት አንዱ ነው። ከሰባቱ ጨዋታዎች የተሸነፈው በአንዱ፣ ማርች 17 ቀን 1923 ኤድንብራ ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የመጨረሻ ጨዋታው ብቻ ነው።

ችግሩ

ችግሩ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መልክ መጣ። የመጀመሪያው ማንኛውም የሁለት ስፖርት ሰው የሚያውቀው ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ራግቢና አትሌቲክስ አይጋጩም፤ ዋናዎቹ የራግቢ ጨዋታዎች ከጃንዋሪ እስከ ማርች ናቸው፣ የመም ውድድር የሚጀመረው በአውሮፓ ጸደይና በጋ፣ ከኤፕሪል ወዲህ ነው። ግጭቱ ያለው በሰውነት ላይ ነው። የአውሮፓን ክረምት ሙሉ በጭቃ ሜዳ ሲወድቅና ሲነሣ የከረመ ሰው ሐኪም ሳያየው ወደ መሙ የመመለሱ ነገር በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ክፉ የጉልበት ጉዳት የኦሊምፒክን ዓመት ያሳጣዋል። በዚያ ላይ የዲግሪ ትምህርት አለ። በ1923 የጸደይ ወራት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ታከለበት፤ ኤፕሪል ላይ ከኤድንብራ በስተምዕራብ በምትገኘው አርማዴል በተባለች የሠራተኞች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ስለ እምነቱ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላም በየከተማው የመናገር ጥሪ አልተለየውም።

ሁለተኛው ችግር በጭራሽ ያልታሰበ ነበር። በ1923 የበጋ ወራት ለንደን ላይ በተካሄደው የብሪታንያ ሻምፒዮና 100 ያርድን (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) በ9.7 ሰከንድ፣ 220 ያርድን በ21.6 ሰከንድ አሸነፈ፤ የ100 ያርዱ ሰዓት ለ23 ዓመታት ሳይሰበር የቆየ የብሪታንያ ክብረ ወሰን ሆነ። ስለዚህ ለፓሪሱ 100 ሜትር የብሪታንያ ትልቁ ተስፋ እሱ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አልነበረም። የኦሊምፒኩ መርሐ ግብር ሲወጣ ግን የ100 ሜትር ማጣሪያው የሚሮጠው እሑድ፣ ጁላይ 6 ቀን ሆኖ ተገኘ። ሊድል ደግሞ በእሑድ ቀን በውድድር አይሳተፍም።

ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ እሑድ ሲሮጥ ማየት ለለመደ የአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ግትርነት ሊመስል ይችላል። በዘመኑ በነበረው የስኮትላንድ ፕሮቴስታንታዊ ኑሮ ግን እሑድን ከሥራም ከጨዋታም ነጻ አድርጎ ማክበር ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ሥርዓት ነበር። ሊድል በዚህ ቤት ያደገ ነው፤ አቋሙም በድንገት የተፈጠረ አይደለም።

የተወሰዱ ርምጃዎች

ለመጀመሪያው ችግር የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ራግቢን ተወ። ከእንግሊዙ ጨዋታ በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ ዳግመኛ አልተሰለፈም። ያኔ 21 ዓመቱ ነው፤ በቦታው ሊተካው የሚችል የተሻለ ተጫዋች አልመጣበትም፣ አልተጎዳም፣ ከቡድኑም አልተቀነሰም። የተወበት ወቅት ልብ ሊባል ይገባል፤ የውድድሩን ዘመን አጠናቅቆ፣ ኦሊምፒኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሲቀረው ነው። ቡድኑን በመሃል ጥሎ አልወጣም፣ ራሱንም በመጨረሻ ሰዓት አላጣደፈም።

ለሁለተኛው ችግር የሰጠው መልስ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። በ1981 ስለ እሱ የተሠራው ፊልም ሊድል የማጣሪያውን ቀን ወደ ፓሪስ ለመሻገር መርከብ ሊሳፈር ሲል እንደሰማ አድርጎ ያሳያል። እንዲህ መሆኑ ለትዕይንቱ ያምራል፤ ነገር ግን ከጉዳዩ ዋናውን ቁም ነገር ያጠፋዋል። በእውነት የሆነው ሊድል መርሐ ግብሩን ከኦሊምፒኩ ብዙ ወራት አስቀድሞ ማወቁና ያኔውኑ እንደማይሮጥ ማሳወቁ ነው። በእሑድ ፍጻሜያቸው ከሚደረገው ከሁለቱ የዱላ ቅብብል ውድድሮችም ራሱን አገለለ። ውሳኔው አገሩን አላስቀደመም የሚል ትችት አስከተለበት፤ እሱ ግን የመርሐ ግብሩን አዘጋጆች አልከሰሰም፣ ሌሎች ሯጮች በእሑድ እንዳይሮጡም አልቀሰቀሰም።

ከዚያ ወዲያ እሱና አሠልጣኙ በቀረው ጊዜ ወደ 200 እና 400 ሜትር ዞሩ። 200 ሜትር የለመደው ርቀት ነው። 400 ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአጭር ርቀት ሯጭ ጉልበት በ300ኛው ሜትር አካባቢ ሲከዳው እግሩ እንደ እርሳስ ይከብዳል። ቢሆንም አንድ መነሻ ነበራቸው። በጁላይ 1923 ስቶክ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በአየርላንድ መካከል በተደረገ ውድድር ሊድል 440 ያርድ፣ ማለትም 402 ሜትር ገደማ ሲሮጥ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ከሌላ ሯጭ ጋር ተጋጭቶ ከመሙ ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ለቅጽበት ከውድድሩ የተሰናበተ መስሎት አመነታ፤ ዳኞቹ ቀጥል ብለው ሲጠቁሙት ተነሣ፤ ያኔ ተፎካካሪዎቹ በ20 ያርድ ገደማ ቀድመውት ነበር። አሸነፈ፤ መስመሩን እንዳለፈም ተዝለፍልፎ ወደቀ። ይህን ታሪክ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ጽናት ነው። እኔ የማየው ራግቢን ነው፤ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ እየተጣለ ወዲያው ተነሥቶ መሮጥ የሰውነቱ ልማድ የሆነ ሰው፣ ሌላው ሯጭ ተቀምጦ ጉልበቱን በሚያሻሽበት ቅጽበት በእግሩ ቆሟል። ይህ የእኔ ንባብ እንጂ እሱ የተናገረው አይደለም።

የዝግጅቱ ወራት ሁሉ የተሳካ አልነበረም። በኤፕሪል 1924 ወደ ፊላደልፊያ ተጉዞ ከአሜሪካውያን ጋር በአጭር ርቀት ሲወዳደር ሳያሸንፍ ተመለሰ። ጁን ላይ ግን በብሪታንያ ሻምፒዮና 440 ያርድን በ49.6 ሰከንድ አሸነፈ። ጥሩ ውጤት ነው፤ የኦሊምፒክ ወርቅ የሚያስተማምን ግን አይደለም።

የተሳካው

ጁላይ 6 እሑድ የ100 ሜትር ማጣሪያ ያለ ሊድል ተሮጠ። በማግስቱ ፍጻሜውን የብሪታንያ ቡድን ባልደረባው በ10.6 ሰከንድ አሸነፈ። ጁላይ 9 በ200 ሜትር ሊድል በ21.9 ሰከንድ ከሁለት አሜሪካውያን ቀጥሎ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ አገኘ። የ400 ሜትሩ ውድድር ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ተጠናቀቀ። የሊድል ሰዓት በየዙሩ እንዴት እንደወረደ መመልከት ከብዙ ትንተና ይበልጣል፤ በመጀመሪያው ማጣሪያ 50.2፣ በሁለተኛው 49.3፣ በግማሽ ፍጻሜው 48.2። በእነዚሁ ዙሮች አንድ የስዊዘርላንድ ሯጭ 48.0፣ አንድ አሜሪካዊ ደግሞ 47.8 ስለሮጡ በወረቀት ላይ አሸናፊው እሱ አልነበረም።

በፍጻሜው ዕለት ጠዋት የቡድኑ ወጌሻ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በእጁ አስጨበጠው፤ በላይዋ ላይ ከ1ኛ ሳሙኤል 2፥30 የተወሰደው፣ እግዚአብሔር ያከበሩትን እንደሚያከብር የሚናገረው ቃል ተጽፎባት ነበር። ማታውን በኮሎምብ ስታዲየም፣ የመጀመሪያውን የራግቢ ጨዋታ ለአገሩ በተጫወተበት ሜዳ ማለት ነው፣ ስድስቱ ሯጮች ለመነሻቸው መሬቱን ሲጭሩ (የመነሻ ብረት ያኔ አልነበረም) ሊድል እንደ ልማዱ እየዞረ ተፎካካሪዎቹን ጨበጠ። የደረሰው የመጨረሻው የውጭ መስመር ነው። በዚያ መስመር የሚሮጥ ሰው ሌሎቹ ሁሉ ከኋላው ስለሚነሡ ማንንም አያይም፤ ፍጥነቱን የሚለካበት ሰው የለውም። ሊድል ይህን ጉድለት ወደ ስልት ቀየረው፤ የመጀመሪያውን 200 ሜትር በ22.2 ሰከንድ፣ የ200 ሜትር ውድድር ይመስል ሮጠው። የሚያዩት ሁሉ ይደክማል ብለው ጠበቁ፤ አልደከመም። በ47.6 ሰከንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊ በ48.4 ነበር የገባው።

ጁላይ 17 ኤድንብራ ላይ የሳይንስ ዲግሪውን ሲቀበል የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ የወይራ መሰል ቅጠል አክሊል ደፉለት፤ ከፈታኙ በቀር ሊድልን የሚያልፈው ማንም እንደሌለም ቀለዱ (በእንግሊዝኛ ቀድሞ ማለፍና ፈተና ማሳለፍ በአንድ ቃል ይነገራሉ)። ተማሪዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው ወሰዱት።

ያልተሳካው

የሊድልን ታሪክ በስብከት መልክ የሚነግሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ መቶውን ለእግዚአብሔር ብሎ ተወ፣ አራት መቶው ተሰጠው። ጉዳዩን እንዲህ ማቅረቡ ሁለት ነገር ያጎድላል። አንደኛ፣ በመተዉና በማግኘቱ መካከል ያለፉትን የልምምድ ወራት ያስቀራል። ሁለተኛ፣ ኪሳራውን ይሰውራል። ሊድል የ100 ሜትሩን ዕድል አጥቷል፤ በሁለቱ የዱላ ቅብብል ውድድሮች ብሪታንያ አንድ ብርና አንድ ነሐስ ስታገኝ እሱ አልነበረበትም፤ ራግቢውንም በ21 ዓመቱ ከተወ በኋላ ለስኮትላንድ ተመልሶ አልተጫወተም። በ400 ሜትር አምስተኛ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ያው ውሳኔ ይሆን ነበር፤ እኛ ግን ምናልባት አንሰማውም ነበር።

በ1925 የስኮትላንድ ሻምፒዮና 100፣ 220 እና 440 ያርድን በሙሉ ካሸነፈ በኋላ ወደ ቲያንጂን ሄዶ በሚስዮን ኮሌጅ የሳይንስ መምህር ሆነ። ለ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሊምፒክ አልቀረበም። በ1934 አገባ፤ በ1937 የጃፓንና የቻይና ጦርነት ወደገባበት የገጠር ሚስዮን ጣቢያ ተዛወረ። በ1941 ነፍሰ ጡር ባለቤቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ወደ ካናዳ ላከ፤ ሦስተኛዋን ልጁን ሳያያት ቀረ። በ1943 ጃፓኖች ከሌሎች የውጭ ዜጎች ጋር በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በዌይሽየን ካምፕ አሰሩት።

በካምፑ የስፖርት ሕይወቱ በሌላ መልክ ቀጠለ። ከወላጆቻቸው ተለያይተው የታሰሩ ብዙ ልጆች ስለነበሩ ጨዋታ ያደራጅላቸው፣ ሳይንስ ያስተምራቸው ነበር፤ የተሰበሩትን የሆኪ ዱላዎች ከአልጋ አንሶላ በቀደደው ጨርቅ እያሰረ ይጠግን ነበር። መጀመሪያ ላይ በእሑድ ጨዋታ አላደራጅም አለ። ወጣቶቹ ግን በራሳቸው ሆኪ ሲጫወቱ ያለ ዳኛ ስለሆኑ ጨዋታው በጠብ ተጠናቀቀ። በቀጣዩ እሑድ ሊድል ራሱ መጥቶ ዳኘ። ለወርቅ ሜዳሊያ ያላጠፈውን ልማድ ለልጆች ጠብ አጠፈው፤ ሕይወቱን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለመሳል ለሚፈልግ ሰው ይህ የማይመች እውነት ነው፤ እኔ ግን ከፓሪሱ ውሳኔ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየኝ ይህ ነው።

በመጨረሻዎቹ ወራት ራስ ምታትና ድካም ያዘው። ከሥራ ብዛት የመጣ የአእምሮ ድካም ነው ተብሎ ታሰበ፤ እሱም ለባለቤቱ በጻፈላት የመጨረሻ ደብዳቤ ይህንኑ ነገራት። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1945 በ43 ዓመቱ ሲሞት የአንጎል ዕጢ እንደነበረበት ታወቀ። ካምፑ ነጻ የወጣው ኦገስት 17 ነው። ከመሞቱ በፊት በገመድ ጠጋግኖ ያቆየውን የሩጫ ጫማ ጫማው ላለቀበት ለአንድ የካምፑ ወጣት ሰጥቶት ነበር።

ከጉዳዩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

ሁለት ስፖርት የያዘን ወጣት በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ አንዱን ጣል ብሎ ማስገደድ ከዚህ ጉዳይ አይደገፍም። ራግቢው ለሊድል ጥንካሬንና ተጋፍቶ የመሮጥ ልማድን ሰጠው፤ ሩጫው ደግሞ የክንፍ ተጫዋች አደረገው። መምረጥ ያስፈለገው ሁለቱም በከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው። ያኔም ጥያቄው የትኛውን ይወዳል የሚለው ብቻ አልነበረም፤ አንዱ የተወሰነ ቀን ነበረው። ኦሊምፒኩ አይዘገይም፤ ስለዚህ መርሐ ግብር ያለው ስፖርት ቀደመ። የመተዉ ጊዜም የውድድር ዘመን ሲያልቅ መሆኑ ቡድኑንም ተጫዋቹንም ጠብቋል።

ማንኛውም የማይታለፍ ገደብ፣ የሃይማኖት ይሁን የጤና ወይም የትምህርት፣ ለአሠልጣኝ በጊዜ ከተነገረ የሥልጠና ዕቅድ ይሆናል፤ በመጨረሻ ሳምንት ከተነገረ ቀውስ ነው። የዛሬ አሠልጣኞች በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ወጣቱን ምን አታደርግም ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ምን ትችላለህ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። የሊድል አሠልጣኝ የ100 ሜትር ሯጩን ሲያጣ ቁጭት ቢሰማው የሚያስገርም አልነበረም። ወራት ስለነበሩት ግን አሯሯጡን ያልነካበትን ሰው ወደ ሌላ ርቀት ሊያዞረው ቻለ።

ጉዳዩን ወደ ዛሬ ስናመጣው አንድ ትልቅ ልዩነት መርሳት አይገባም። ሊድል በሁለቱም ስፖርቶች አማተር ነበር፤ የራግቢ ዩኒየን (ሊድል የተጫወተው የራግቢ ዓይነት) ተጫዋቾች በይፋ ደመወዝ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ1995 ነው። ራግቢን ሲተው ያፈረሰው ውል፣ ያጣው ደመወዝ፣ የከሰሰው ክለብም የለም። ዛሬ በክለብ ውል የታሰረ የ21 ዓመት ተጫዋች ተመሳሳይ ምርጫ ቢያደርግ መጀመሪያ የሚቀመጠው ከጠበቃና ከወኪል ጋር ነው፤ ስለዚህ ለወጣት ስፖርተኛ የመጀመሪያውን ውል የሚያስፈርሙ ወላጆች በውሉ ውስጥ ሁለተኛው ስፖርት እስከ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ በግልጽ ማስጻፍ አለባቸው።